ከውስጥ የሚደወል ስልክ

ጥቅምት 12

ለላይኛዋ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወረቀት አልቆብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ግን አምና ያንን ሁሉ የብሬል ወረቀት የላክሽልኝ አንቺ ራስሽ ነሽ፣ ግማሹም አላለቀ። ስለዚህ ስንፍና ነው በይና እለፊው።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። እናቴ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ቀሚስሽን እኔ ካልተኮስኩት ትላለች። «ሰው ሁሉ የሚያይሽ ቦታ ነው የምትቀመጪው» ትለኛለች። ማታ ስገባ ደግሞ ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬ ማን ማን ደወለ?» ነው ጥያቄዋ። ለጎረቤት የምታወራው ያስፈልጋታላ! ልጄ ባትኖር ያ ሁሉ ድርጅት እርስ በርሱ አይገናኝም ነበር ትላለች አሉ።

የሰማሽው ወሬ እውነት ነው። ድርጅታችን ሌላ ዓይነ ስውር ሠራተኛ ሊቀጥር ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ በሬዲዮ «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» ያለችው እሱን ነው። ከእኔ የስልክ ማዞሪያ ጎን ሁለተኛ ወንበር ሊቀመጥ ነው። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ላልሽኝ ግን ምን ብዬ እንደምመልስልሽ አላውቅም። ገና ያልተቆረጠ ነገር መስሎኝ ነው።

ስልክ ላይ የምትውል ሰው ለጓደኛዋ መደወል አቃታት ወይ ያልሽውም እውነትሽን ነው። ቀኑን ሙሉ ሳወራ ውዬ ማታ ጉሮሮዬ ይደክማል። በደብዳቤ ይሻለኛል።

ሳልሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ዘለልሽው።

ያንቺው የታችኛዋ


ኅዳር 2

ለታችኛዋ፣ ለወይዘሮ ጉሮሮ፦

ሰላምታው ቆይቶ ይድረስሽ፣ መጀመሪያ ልቆጣ። «ያልተቆረጠ ነገር መስሎኝ» ትይኛለሽ? እኔን? ስድስት ዓመት ሙሉ በአዳሪ ትምህርት ቤቱ ተደራራቢ አልጋ እኔ ከላይ አንቺ ከታች ተኝተን፣ ስትገላበጪ እንኳ በምን ሐሳብ እንደምትገላበጪ የማውቀውን ሰው? እሺ፣ ወጣልኝ። እንደምን አለሽ የኔ እናት? እማማስ? ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እኔ ያው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቡርሽ። ጭራውን በቀዳዳው አስገብቶ በሽቦ መሳብ፣ ማጥበቅ፣ መከርከም። አሁንማ የምርመራ ኃላፊ አድርገውኛል፤ አንድም ቡርሽ በእኔ መዳፍ ሳያልፍ ከወርክሾፑ አይወጣም። ትናንት አርባውን መለስኩባቸው። አንዱ ጎረምሳ ተናዶ «ዓይን አውጣ!» አለኝ። «ልጄ፣ እሱ ስድብ እኛ ቤት አይሠራም» አልኩት። ሁላችንም ዓይነ ስውር ነን እኮ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳሉ? የጭራው ብናኝ ነው። እዚህ የማያስል የለም፣ አንዱ ሲጨርስ አንዱ እየተቀበለ ነው። እለፊው።

አሁን ወደ ዋናው። ማመልከቻ አስገብቻለሁ! ያቺ ኃላፊሽ ራሷ በአለቃዬ ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ማር! «ስልክ ማንሳት ይችላሉ ወይ?» አለችኝ። «እጅ አለኝ» አልኳት። ጉሮሮዋን ጠረገችና ሳቀች፤ መሳቅ ይፈቀድልኝ ይሆን ብላ ያሰበች ይመስለኛል። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ፣ «እርስዎን የምታውቅ ሠራተኛችን አለች አሉ፣ እሷ ምስክርነት ብትጽፍልዎ ጥሩ ነው» አለች። አንቺን ማለቷ ነው። ያለ አንቺ ወረቀት ማመልከቻዬ ካለበት አይነቃነቅም።

ስለዚህ ጻፊልኝ። ሥራ ወዳድ ናት በይ፣ ትሑት ናት በይ። ትሑት የሚለው ላይ ከሳቅሽ ዝለይው። ደግሞ ቦታው ምን እንደሚመስል ከወለሉ እስከ ጣሪያው ንገሪኝ፤ ከአሁኑ እዚያ ተቀምጬ ነው ያለሁት።

የላይኛዋ


ኅዳር 16

ለላይኛዋ፦

እንደምን አለሽ? እማማ ሳምሻለሁ ትላለች። ጉልበቷን ሳምኩላት፣ «የምትስመኝ ከሆነ መጥታ ትሳመኝ» አለች።

ስለ ምስክርነቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። አልጻፍኩትም። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ እየጻፍኩ ነው አልኳት። አንቺ መጀመሪያ ነገሩን ደህና አድርገሽ እንድታስቢበት ብዬ ነው።

ቦታው ምን ይመስላል ላልሽኝ፣ ከዋናው በር ስትገቢ በስተግራ ያለች የመስታወት ክፍል ናት። መስታወት መሆኗን ያወቅኩት የጽዳት ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ስትወለውላት ጨርቁ ሲጢጥ ሲል ስለምሰማ ነው። ውስጧ ማዞሪያው አለ፣ ወንበሬ አለ፣ አንድ ውሃ የማይጠጣ የፕላስቲክ አበባ አለ። በዚያ በር የሚገባ የሚወጣ ሁሉ ያይሻል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የሚያመጡት። መስታወቱ ጋ ቆመው በሹክሹክታ ያወራሉ፣ ዓይነ ስውር ሰው ጆሮውም እንደማይሰማ ሁሉ። እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ ግን ማከክም ቢሆን በአዋጅ የምታኪ ሰው ነሽ፣ አንድ ሳምንት አትቆዪም።

ቤት ኪራዩ እሳት ነው። አውቶቡሱ ሁለቴ ነው የሚያዘው፣ ማቋረጫው ላይ ደግሞ መኪናው ለማንም አይቆምም። እዚያ አለቃ ነሽ፣ የምትቆጪው ሰው አለሽ፣ እዚህ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ሥራውም አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። ጥሪው ቀንሷል። አንዳንዱ ቀን አምስት ነው፣ አንዳንዱ ቀን ስድስት። ሌላውን ሰዓት እጅን አጣምሮ መቀመጥ ነው። እጅሽ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ ያብድብሻል።

እስቲ ትንሽ አስቢበት። እኔን የሚያይ ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ይለኛል፣ አንቺም እንደነሱ አትሁኚ።

የታችኛዋ


ኅዳር 28

ለታችኛዋ፦

ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ትሆኛለሽ ብዬ እገምታለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ጣቴን አላምን ብዬ። ቤት ኪራይ፣ አውቶቡስ፣ መስታወት፣ የፕላስቲክ አበባ! ጓደኛሽን ከሥራ የምታስቀሪበት ምክንያት ይሄ ነው? መስታወቱ ለእኔ ምኔ ነው? ሲያዩኝ ይዋሉ፣ ዓይናቸው ይድከም!

እውነቱን ልንገርሽ? አንድ ብቻ መሆን ጥሞሻል። በሬዲዮ አንቺ፣ በስብሰባ አንቺ። የአለቃዬ ሚስት የድርጅታችሁን የቀን መቁጠሪያ ገዝታ መጥታ የሰኔ ወር ላይ ፎቶሽ አለ አለችኝ፣ ማዳመጫ አድርገሽ እየሳቅሽ። ፎቶ ተነሳሁ እንኳን አላልሽኝም። ሁለት ከሆንን የሚያደንቅሽ ይቀንሳላ! እኔ አንቺ ስትቀጠሪ ለወርክሾፑ ሁሉ ያወራሁ፣ ከኛ አንዷ ወጣች ብዬ እልል ያልኩ ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ የብሬሉ መውጊያ ወረቀቱን በስቶ ወጣ፤ ጣትሽ ላይ የሚሻክርሽ እሱ ነው።

ምስክርነቱን ጻፊልኝ ብዬ አልለምንሽም። «አልጽፍም» በይኝና ይለይልኝ። የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ ሠላሳ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እኔ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንቺ ነበርሽ።

የላይኛዋ


ታኅሣሥ 6

ለላይኛዬ፦

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልበላልኝ ብሏል። እማማ ምን ሆነሽ ብትለኝ ጥርሴን ነው አልኳት። ስለ ፎቶው ልክ ነሽ፣ አልነገርኩሽም፤ አፍሬበት ነው። ለምን እንዳፈርኩ ልንገርሽና ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

ማዞሪያው አይሠራም።

ስምንት ወር ሆነው። ሚያዝያ ላይ ሁለት ቴክኒሻኖች መጥተው ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ሲፈቱና ሲገጥሙ ዋሉ። «ሲስተሙ እየተሻሻለ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከውጭ አንድም ጥሪ አልመጣልኝም። ደንበኛ ሲደውል የሚመልስለት አሁን ማሽን ነው፤ ለእኔ የቀሩት የቤቱ የውስጥ መስመሮች ብቻ ናቸው። ያን ጊዜ ይሄን ማን ይንገረኝ? ሁለት ቀን ማዳመጫዬን አድርጌ ተቀመጥኩ። ጭጭ! በሦስተኛው ቀን ጠራ። ደስ ሲለኝ! ሻካራ ድምፅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ከገጠር፣ ለእርሻቸው የውሃ ፓምፕ ፈልገው። «ወደ ሒሳብ ክፍል አገናኝኝ ልጄ» አሉኝ። አገናኘኋቸው። የሒሳብ ክፍሉ ስልክ ሲጮህ ግን በእሳቸው መስመር ውስጥ ሰማሁት። እዚያው አጠገባቸው ነው የሚጮኸው። ገባሽ? ሰውየው ሒሳብ ክፍል ተቀምጦ ነው ሒሳብ ክፍል አገናኝኝ የሚለኝ!

የኛው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ድምፁን መቀየሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድምፅ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከመናገሩ በፊት በሚስበው ትንፋሽ አውቀዋለሁ እኮ! እንዲህ ዓይነት ሞኝነት ማየት የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚያስበው። እኔ ስላላየሁት እንዳላወቅኩት ቆጠረው።

ከዚያ ሁሉም ተራ ገቡ። የንብረት ክፍሏ ሁለት ሴት ትሆናለች፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዷ ነርስ። ጥበቃው ሾፌር ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ አንድ ቀን ደውለዋል፣ የውጭ አገር ሰው ሆነው። የሞት ሞቴን ነው ሳቄን የያዝኩት። ተስማምተው ቀን ተከፋፍለዋል መሰለኝ፣ አንድም ቀን ሁለት ሰው በአንድ ደቂቃ ደውሎ አያውቅም።

ያኔውኑ ብናገር ኖሮ ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም። እነሱ እንዳያፍሩ ብዬ ነው ያልኩት ለራሴ። ከዚያ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ አሁን ብናገር «ታዲያ እስከ ዛሬ ስታታልዪን ነበር?» የሚሉኝ እኔን ነው። ደመወዙ ይገባል፣ እናቴ ቀሚሱን ትተኩሳለች፣ እኔ «ከማን ጋር ላገናኝዎ?» እላለሁ። ክፋት ቢሆን እጣላቸው ነበር። ከአንጀታቸው አዝነው ነው የሚያደርጉት፣ እሱ ነው የጨረሰኝ። ደግ ሰው ሲያስርሽ በማን ላይ ትጮኺያለሽ?

ማታ እማማ ማን ማን ደወለ ስትለኝ እኔም ከነሱ ተምሬ እነግራታለሁ። አንድ ሽማግሌ ከገጠር፣ አንዲት ነርስ። «ሽማግሌው ፓምፑን አገኙ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ።

ያልደወልኩልሽም ለዚህ ነው። ጉሮሮ ምናምን ያልኩሽ ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ሃሎ ብዬሽ ብትሰሚ ታውቂብኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ ነግሮኛል፣ አልሰማሁም ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አትምጪ። አንቺ የመለስሽው ቡርሽ ተመልሷል፣ ያሳለፍሽው አልፎ የሰው ቤት ገብቷል። እኔ ከሚያዝያ ወዲህ ያገናኘሁት አንድ ሰው የለም። ስወድሽ፣ አትምጪ።

የታችኛዋ


ታኅሣሥ 17

ለታችኛዬ፦

አውቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ ደውዬልሽ ነበር። ሞባይልሽን በሥራ ሰዓት ስለምትዘጊው በድርጅቱ ቁጥር ደወልኩ። ድምፅሽን ስጠብቅ አንዲት ቆርቆሮ የመሰለች ሴት «ለሽያጭ አንድን ይጫኑ» አለችኝ። አንድን ተጫንኩ፣ ሁለትን ተጫንኩ፣ ዘጠኙንም ጨረስኩ። አንቺ የትም የለሽም። አባረዋታል ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤሽ መጣ፤ «ሰሞኑን ጥሪው ፋታ አልሰጠኝም» ይላል። ያን ጊዜ ወይ ትዋሺኛለሽ ወይ አታውቂም አልኩ። የማታውቂ ከሆነ እኔ አልነግራትም ብዬ ዝም አልኩ። እኔም ከነዚያ ደዋዮች አንዷ ነኝ ማለት ነው፣ ይቅር በይኝ። አንድ ብቻ መሆን ጥሞሻል ያልኩሽም ነገሩን ከአፍሽ ላወጣው ብዬ ነው። ግማሹ ግን የእውነት ንዴት ነበር፣ አልክድም።

ያን ዕለት ለምን እንደደወልኩ ልንገርሽ። ከሐኪም ቤት ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነው የደወልኩልሽ። ሳንባዬ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ብናኝ ተቀምጦበታል። ሐኪሙ «ከዚህ ሥራ ካልወጡ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም፣ እኔም ጨርሰው አላልኩትም። ለቆርቆሮዋ ሴትዮ ይሄን ልነግራት አልችልም፣ ዘጋሁት። አሁን ደረጃ ስወጣ ሁለት ቦታ እቆማለሁ። ለወርክሾፑ ልጆች ደረጃ እየቆጠርኩ ነው እላቸዋለሁ።

ሌላ ቦታ አልሞከርሽም ወይ እንዳትዪኝ። አለቃዬን ሌላ ሥራ ስጠኝ አልኩት፤ «እዚህ ከቡርሽ ሌላ ምን አለ?» አለኝ፣ እውነቱን ነው። አራት ቦታ አመለከትኩ። ሦስቱ በር ላይ መለሱኝ፤ አንደኛው ጥበቃ እንደውም ሳንቲም ሰጠኝ። በአራተኛው የተቀበለኝ ሰው ደግሞ ማመልከቻዬን ይዞ «ማን ጽፎልሽ ነው?» ነው ያለኝ። ራሴ ነኝ ብለው አላመነኝም።

ስለዚህ አንቺ ማዞሪያው አይሠራም ስትዪኝ እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ብናኝ አለ? በየጠዋቱ ትወለወላለች ብለሻል። ይበቃኛል። የሞተ ስልክ አጠገብ ተቀምጬ ልተንፍስ። አንቺን የሚያንቅሽ ቦታ ለእኔ አየር ነው፣ ምን ላድርግ?

አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጻፊልኝ።

የላይኛዋ


ጥር 13

ለላይኛዬ፦

የቅጥር ደብዳቤው ደርሶሻል ብለው ነገሩኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ልል ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ምስክርነቱን የጻፍኩት ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ነው። ትሑት የሚለውንም አስገብቼዋለሁ።

በሌላው ደብዳቤሽ «እውነቱን ልትናገሪ አላሰብሽም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ላልመልስልሽ ነበር፤ አሁን የምነግርሽ በኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። አዎ፣ ልናገር አስቤ ነበር። የወንበርሽን ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ሊጎበኙን ከመምጣታቸው ሁለት ቀን በፊት ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። «አውቃለሁ» አልኳት። «ምኑን?» አለች። «ሽማግሌውን፣ ነርሷን፣ ሁሉንም።» እስክሪብቶዋ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ አለቀሰች። ያባበልኳት እኔ ነኝ፣ እስቲ አስቢው! «ስለምንወድሽ እኮ ነው፣ ማን ደፍሮ ይንገራት ብለን ነው» ትላለች። «ወደዳችሁኝ፣ እሺ፤ ሥራ ስጡኝ» አልኳት። ማሽኑ ያደናገረው ደንበኛ በአካል እየመጣ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቅ በየቀኑ እሰማለሁ። እነሱን ለእኔ አዙሩልኝ አልኳት። «አዲሱ ሲስተም ስክሪን ማየት ይፈልጋል» አለችኝ። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ኮምፒዩተር አለ፣ ሦስት ወር ሠልጥኜበታለሁ፣ የምስክር ወረቀቱ እዚሁ ፋይሌ ውስጥ ነው አልኳት። ፋይሉን ስታገላብጥ ሰማኋት። «በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እናስገባዋለን» አለች።

ወጥቼ ልሄድ ስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዶቹ ሁለተኛውን ወንበር የሚያጸድቁት በዕለቱ ባዩት ነው። አንድ ነገር ከሰሙ ሁለቱም ወንበር ነው የሚነሳው። ጓደኛሽን አስቢ» አለችኝ። ልታስፈራራኝ አልነበረም። ያለውን ነው የነገረችኝ።

በዕለቱ ማይክሮፎኑን እጄ ላይ አስያዙኝ። የምናገራት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፣ ሳምንቱን ሙሉ ይዣት ዞሬያለሁ፦ «ይህ ስልክ ከውጭ አይደወልበትም።» አፌን ከፈትኩ። ሦስት በር ላይ ቆመሽ ታየሽኝ፣ ሳንቲሙ እጅሽ ላይ። «ደስተኛ ነኝ» አልኩ። «እዚህ ቤት ሥራ እንጂ ምጽዋት አልተሰጠኝም» አልኩ። ማንም ሳያዘኝ ነው ይሄን የጨመርኩት፣ አፌ ይቆረጥ! ጭብጨባው ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። ሒሳብ ሠራተኛው ከኋላ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁት።

በዚያው መሀል ማዞሪያው ጠራ። የንብረት ክፍሏ ናት፣ በነርሷ ድምፅ። ኃላፊዋ ማወቄን ለማንም አልነገረችም ማለት ነው። «ከማን ጋር ላገናኝዎ?» አልኳት። አንዷ እንግዳ «እንዴት ያለች ቀልጣፋ ናት!» አለች። ወንበርሽ እዚያው ጸደቀ።

ከየካቲት አንድ ጀምሮ ትመጫለሽ፣ ስለዚህ ማወቅ ያለብሽን ልንገርሽ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌው ይደውላል። አትሳቂ። ቶሎም አታገናኚው፣ ማውራት ይወዳል፤ ስለ ዝናቡ ጠይቂው። ነጋዴዋና ነርሷ ንብረት ክፍሏ መሆኗን ነግሬሻለሁ፤ አንዳንዴ ለራሷም ይምታታባታል፣ አታርሚያት። ጥበቃው ሲደውል የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ይሰማል፣ እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሥራ አስኪያጁ ከደወሉ ለእኔ ስጪኝ፣ አንቺ አትችዪውም። መውጊያሽንና ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፤ ስንጽፍ ድምፁ ሥራ ይመስላቸዋል።

እማማ ከእኛ ጋር ነው የምትኖሪው ብላ አልጋ አስገብታለች። ተደራራቢ አይደለም፣ ዕድሜያችንን አስባ።

ነይ እንግዲህ። አስተማርኩሽም አታለልኩሽም አላውቅም። ብቻ እየተነፈስሽ ነይ።

የታችኛዋ


የካቲት 5፣ ከአጠገብሽ

ለታችኛዬ፦

ክርንሽ ክርኔን እየነካው ደብዳቤ ስጽፍልሽ ጉድ ነው። ግን ኃላፊዋ ከመስታወቱ ውጭ ቆማለች፣ ጫማዋን ሰምቼዋለሁ፣ ከእሷም ጋር ሁለት ሰው አለ። አፍ አውጥተን ማውራት አንችልም። ሲሄዱ አንብቢው።

ጠዋት «ምን ሆነሽ ነው?» ብለሽ ክንዴን ስትነኪኝ ያልመለስኩልሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ደረቴም ደህና ነው። እንደውም ትናንት የቤትሽን ደረጃ አንዴም ሳልቆም ወጣሁት፣ እማማ ከላይ ሆና ስታጨበጭብ ሰምተሻል። ሐኪሙ ትክክል ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ሲደውል ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነክሼ ደማሁ። በሁለተኛው ቀን አሳዘነኝ፤ ለኔ ብሎ እንዲህ ሲያስል፣ ሲያጓራ። በሦስተኛው ቀን ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት፣ ስለ በቆሎው ነገረኝ፣ እኔም ቀብጬ ምክር ሰጠሁት። ከነጋዴዋ ጋር ደግሞ በቧንቧ ዋጋ ተከራክረን ሁለታችንም ሞቀን። ኧረ አይከፋም አልኩ በሆዴ።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ አልደወለም። አራት ሆነ። አንቺ ወይ አላስተዋልሽም ወይ ለምደሽዋል። እኔ እጄን ማዳመጫው ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አመማቸው ይሆን? ከሌላ ሱቅ ገዝተው ይሆን? ይሄን ሁሉ አሰብኩ። ሒሳብ ሠራተኛው ዛሬ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አላልኩም እኮ፣ እሱ ጨርሶ ትዝ አላለኝም! እኔ፣ አንድ ጭራ የጎደለው ቡርሽ በእጄ አልፎ የማያውቅ ሰው።

አምስት ሰዓት ላይ ጠራ። እጅሽን ገፍቼ ያነሳሁት ለዚያ ነው። ድምፃቸውን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። «ምነው ቆዩብኝ አባባ» አልኳቸው፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅዎት ነበር።»

የላይኛዋ